የሶል በኺት እጅ

ሱዳን፣ ባሕሪ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ እጀታ የሚሠራ ሰው ብትጠይቁ ወደ እኔ ነው የሚልኳችሁ። ወደ ሌላ የላካችሁ ሰው ካለ ወይ ለሰፈሩ እንግዳ ነው፣ ወይ ከእኔ ጋር ተጣልቷል። የተጣሉኝም ቢሆኑ የመጥበሻቸው እጀታ ሲነቀል ዞረው ደጄ ላይ ይቆማሉ። እኔም ቂም የማልይዝ ሰው ስለሆንኩ እሠራላቸዋለሁ፤ ትንሽ አስጠብቄ።

ማንም አላስተማረኝም። በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ስገባ ኪሴ ውስጥ የነበረው አንድ ሰንጢ ነው፤ እሱም እጀታው የተሰበረ። የመጀመሪያ ሥራዬ የገዛ ሰንጢዬን እጀታ መተካት ሆነ። ከዚያ ወዲህ የቢላ፣ የፋስ፣ የመጋዝ፣ የማንቆርቆሪያ፣ የአውቶቡስ በር፣ የአንድ ቅመም ነጋዴ ክራንች፣ ምን ያልሠራሁት አለ። ትምህርት ቤት ብገባ ኖሮ ይህን ሁሉ የምሠራበት ጊዜ ከየት አገኝ ነበር? እጀታ የሚለው ቃል ራሱ እጅ ከሚለው የመጣ ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ አንድ ቀን መጋዝ ስገፋ በራሴ ደረስኩበት። ለተማሩ ሰዎች ስነግራቸው ዝም ብለው ያዩኛል። አያውቁትም ነበር ማለት ነው።

ዐረብኛንም ያስተማርኩት ራሴን በራሴ ነው። አጥርቼ ስለምናገር ሱዳኖቹ ያልኩትን ደግሜ እንድላቸው ይለምኑኛል። ደስ ሲላቸው ሦስቴም ያስደግሙኛል።

ይህን ሁሉ የማወራው ልኩራራ ብዬ አይደለም። የሶል በኺትን ሽጉጥ ነገር ስተርክላችሁ ጥፋቱ የማን እንደነበረ እንዳትሳሳቱ ብዬ ነው።

ሶል እዚህ አገር ማዕረግ ነው፤ እኛ ሻምበል ባሻ እንደምንለው ያለ። ሰው ጡረታ ከወጣም በኋላ ከስሙ ላይ አይወርድም። ሶል በኺት ካፉሪ በሚባል ሰፈር የአንድ ትልቅ ቪላ በር ይጠብቃል። ሚስቱ ወይዘሮ ጥሩነሽ የአገራችን ሰው ናት፤ እዚያው ቪላ ውስጥ ወጥ ቤት ነች። ከግቢው ጥግ ባለችው ክፍል ከልጃቸው ከሰልማ ጋር ይኖራሉ። ክፍሏ የተሰጠችው ለዘበኛው ነው። ዘበኛው ከሄደ ክፍሏም ትሄዳለች፤ ጥሩነሽም ድስቷን ይዛ ትከተላለች።

የቪላው ጌታ፣ ሁሉም ሙዲሩ፣ አለቃው እንደ ማለት፣ የሚሉት ሰው፣ በዚያ ሰሞን ዘበኛው ተኩስ ይፈተን ብሎ አዘዘ። ከመታ ይቀጥላል፤ ከሳተ አንድ ጎረምሳ ይተካዋል። ጎረምሳው ቀድሞ መጥቶ የበሩን ወንበር ሞክሯት ሄዷል አሉ። ሶል በኺት ደግሞ መሳቱ አይቀርም ነበር። መተኮስ ስለማይችል እንዳይመስላችሁ፤ በእጁ ምክንያት ነው።

እጁን ልግለጽላችሁ። የሻይ ብርጭቆ ሲይዝ ብርጭቆው ይጠፋና ሻዩ ከጡጫው የሚወጣ ይመስላል። ሞባይል ላይ አንዷን ቁጥር ልጫን ሲል ሦስቱ አብረው ስለሚገቡ የሚደውልለት ሌላ ሰው ነው። ሽጉጡ ግን ትንሽ ነው። የሠራው ሰው ያደገ እጅ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሲተኮስ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ተንሸራቶ ቀለሁን ይተፋል፤ በዚያው የሶሉን እጅ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ነክሶ ይመለሳል። በተኮሰ ቁጥር ደም ነው። ስለዚህ ሰውዬው ንክሻው እንደሚመጣ እያወቀ ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን መጨፈን ለመደ። ዓይኑን ጨፍኖ የሚተኩስ ሰው የሚመታውን ፈጣሪው ብቻ ነው የሚያውቀው። በአንድ ልምምድ ላይ ዒላማው ሳይነካ ራቅ ብሎ የቆመ የውሃ በርሜል ተመታ ይባላል። ተኩሱን አላየሁም፤ በርሜሉን ግን አይቼዋለሁ።

እንግዲህ የሰውዬው እንጀራ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው። እኔ ግን ይህን ሁሉ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ ወደ እኔ የመጣችው ልጁ ናት።

ሰልማ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ከትምህርት ስትወጣ ዐማራት በሚባል ሰፈር አንድ ሞባይል ቤት ትሠራለች። አማርኛዋ እናቷ ኩሽና ውስጥ በተናገረችው ልክ ነው። ስለ ሽንኩርት ጥሩ አድርጋ ታወራለች፤ ሌላው ላይ ትቸገራለች።

«ሰላም ዐሞ» አለችኝ፤ አጎቴ ማለቷ ነው። «ማማ ላከኝ።»

«ላከችኝ ነው የሚባለው።»

«አይዋ፣ ላከችኝ። ይሄ የባባ ሙሰደስ ነው።» ሙሰደስ ሽጉጥ ነው። መሐረቧን ስትፈታ ግን የወጡት የሽጉጥ እጀታ ሁለት ጉንጮች ናቸው፤ በብሎን የሚታሰሩት እንጨቶች፣ አንዱ የቀኝ፣ አንዱ የግራ።

«ሽጉጡስ?»

«ባባ ሙሰደስ ለሰው አይሰጥም። ይሄን ብቻ ፈታ።»

«ደግ አደረገ። ምን ላድርግለት?»

ጣራ ጣራ እያየች የአማርኛውን ቃል ፈለገች፤ አላገኘችውም። ወደ ዐረብኛው ዞረችና «ዐሞ፣ ኢዱ ከቢራ» አለችኝ።

እንግዲህ በዐረብኛ እንዲህ አይባልም። ከቢር ነው እንጂ ከቢራ የለም። እዚህ አገር ተወልዳ እንዲህ ስትሳሳት ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። «ከቢር በይ ልጄ» አልኳት። «ከቢራ ካልሽ በአማርኛ ሌላ ነገር ይመጣል፤ እዚህ ደግሞ ክልክል ነው።»

ሰልማ ሳቀች። «ኢዱ ከቢር?»

«አሁን ተስተካከለ።»

ኢድ ከቢር ትልቁ ኢድ ነው፤ እኛ አረፋ የምንለው፣ በግ የሚታረድበት። በዓሉም እየተቃረበ ነበር፤ የበግ ነጋዴዎች ከድልድዩ ወዲህ የእግረኛውን መንገድ ሞልተውታል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ለበዓል በሩን ቀለም የሚቀባ አለ፣ መኪናውን የሚያሳጥብ አለ፤ ይህ ደግሞ ሽጉጡን ማሳመር ፈልጓል። ዘበኛ ሌላ የሚያሳምረው ምን አለው?

«ከኢዱ በፊት ይደርሳል» አልኳት።

«ላ ላ ዐሞ፣ ከእሁድ በፊት። እሁድ ኢምቲሓን አለ።»

ኢምቲሓን ፈተና ነው። ልጅቷን አየኋት፤ ፊቷ ጭንቅ ብሎታል። አንጀቴን በላችው። «አይዞሽ» አልኳት። «ሞባይሉን አስቀምጪና አጥኚ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን ያጥናልሽ?»

መሐረቧን አጣጥፋ «ኢንሻላህ» ብላ ሄደች።

በሕይወቴ እንደዚያ እጀታ የተጠበብኩበት ሥራ የለም። ጥቁር ጠንካራ እንጨት መረጥኩ። በአንደኛው ጉንጭ ላይ በግ ቀረጽኩ፤ ጸጉሩ አንድ በአንድ የሚቆጠር፣ ቀንዱ ሁለት ዙር የተጠመዘዘ። በሌላኛው ላይ ያንኑ በግ ከኋላው ቀረጽኩት፤ ሰው ሽጉጡን ሲያገላብጥ በጉንም ዞሮ ያየው ዘንድ። በጎቹ ጎልተው እንዲወጡ ዙሪያቸውን ሞርጄ አሳሳሁት። ሲያልቅ ዘይት ቀብቼ በጨርቅ ወለወልኩት፤ ዝንብ አርፋበት ስትንሸራተት በዓይኔ አይቻለሁ። መንገደኛ ሁሉ እየገባ አደነቀኝ። አንዱ በጉን ለብቻው ግዛ ካልከኝ እገዛዋለሁ ሲል እምቢ አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት የሱቄ በር ጨለመ። ቀና ስል መጀመሪያ የገባው እጅ ነው፤ መቃኑን ያዘ። ከእጁ ቀጥሎ ሶል በኺት ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ከኋላው ጥሩነሽ። ሶሉ ዐረብኛ ነው የሚናገረው፤ እኔ እየተረጎምኩ አቀርብላችኋለሁ።

«ሰላም ዐለይኩም ያ ሐጅ» አለኝ። ሽበቴን አይተው ሁሉም ሐጅ ይሉኛል። ማዕተቤንም ያዩታል፤ ግን ሽበቱ ይበልጥባቸዋል።

የጦር መሣሪያ ፈቃዱን አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። ሥርዓት ያለው ሰው ነው። ጥይቶቹን ቤት ትቷቸዋል፤ ካዝናውን አውጥቶ፣ ብረቱን ስቦ፣ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን እሱም አየ፣ እኔም አየሁ፣ ጥሩነሽም አየች። ጉንጮቹን በብሎን አሰርኩለትና ጨርቁን ገለጥኩ፤ ሙሽራ እንደሚገለጥ።

ሶሉ ሽጉጡን ያዘ። ሽጉጡ ጠፋ። ከጡጫው ፊት የአፈሙዙ ጫፍ ብቻ ቀረች። ጠበቅ ሲያደርገው በዘይቱ ምክንያት እንደ ሳሙና አምልጦት ጠረጴዛዬ ላይ ወደቀ። አንስቶ ወደ ዓይኑ ጠጋ አድርጎ አየው።

«ያ ሐጅ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«በግ።»

«በግ» አለ። አገላበጠው። «ይሄስ?»

«እሱ ከኋላው ነው።»

ሚስቱን አያት፤ ሚስቱ እኔን አየችኝ። «ጋሼ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ሰልማ እጁ ትልቅ ነው ብላ አልነገረችህም?»

«ስለ እጅ የተነሣ ነገር የለም። ትልቁ ኢድ ነው ያለችኝ። እኔው ነኝ ያረምኳት።»

«ምን ብለህ አረምካት?»

ነገርኳት። ጥሩነሽ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ለባሏ በዐረብኛ ስትነግረው ሰውዬው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሱዳኖች አነጋገር «ኢዱ» ማለት እጁ ማለት ነው። እጅ ደግሞ በዐረብኛ ሴት ናት፤ ስለዚህ ከቢራ። ልጅቷ ያለችኝ «እጁ ትልቅ ነው» ነው። በአማርኛ ጆሮ ግን «ኢዱ» ያው በዓሉ ነው። በማን ጆሮ እንድሰማ ፈለጉ?

«በዓሉ ከጉሮሮ ነው የሚወጣው ጋሼ» አለች ጥሩነሽ። «ዒድ። እጅ ግን እንዲሁ ከአፍ ነው። ኢድ።»

«ያው ናቸው።»

«ያው አይደሉም።»

ሶሉ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ። «በል እስቲ ያ ሐጅ። ዒድ።»

«ኢድ።»

«ይሄ እጅ ነው። ዒድ።»

«ኢድ።»

«አሁንም እጅ ነው።»

ከጉሮሮዬ ስቤ ላወጣው ስል ሳል ያዘኝ። ሶሉ ሳሌን በጥሞና ሰምቶ «ቀርበሃል» አለኝ።

እንግዲህ ፍረዱ። ፊደላችን ዒውንም ኢውንም ይዟል፤ ሁለቱን አንድ አድርገው ማንበብ የጀመሩት እኔ ከመወለዴ በፊት የነበሩ ሰዎች ናቸው። እነሱ ባመጡት ጣጣ እኔ ልጠየቅ? ይህንን ላስረዳቸው ስጀምር ነው ጥሩነሽ ስለ ፈተናው፣ ስለ ንክሻው፣ ስለ ጎረምሳው የነገረችኝ። ፈተናው የሰልማ አልነበረም። የሶሉ ነበር፤ በማግሥቱ።

«ከምሳ በፊት አደርሳለሁ» አልኳቸው። ሰው ሲጨነቅ እኔ ሰዓት አላባክንም።

ለትልቅ እጅ እጀታ ሲሠራ ዋናው ነገር ልክ መውሰድ ነው። በሜትር የሚለካ አለ፤ እኔ የእጁን ቅርጽ ራሱን እፈልጋለሁ። ጎረቤቴ ዳቦ ቤት ስለሆነ ሄጄ ሊጥ አመጣሁ። ጉንጮቹን ፈታሁ፣ ብረቱን በፌስታል ጠቀለልኩ፣ በላዩ ሊጡን ለጠፍኩና «ጨብጥ» አልኩት። ጨበጠ። በጣቶቹ መካከል ሊጡ እንደ ትል እየተግተለተለ ወጣ። ጥሩ ቅርጽ ነበር፤ የእያንዳንዷ ጣት ማረፊያ ይታያል። ብረቱን አውጥቼ ለሶሉ መለስኩለት፤ ሊጡን ግን ፀሐይ ላይ ባለው የቆርቆሮ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

የሶሉ እጅ ግን ሊጥ እንደ ያዘ ቀረ። ውሃ ፍለጋ ወደ ደጅ ሲወጣ በየቆሻሻው ስትዞር የምትውል አንዲት የሰፈር ፍየል አገኘችው። እጁን መላስ ጀመረች። ያን የሚያህል ሰው ኩርኮራ አይችልም፤ ሆዱን ይዞ መንገድ መሐል ተቀመጠ። ሊያባርራት እጁን ሲያነሣ ፍየሏ በኋላ እግሯ ትቆማለች። «ያ ዞል፣ እናንተ ሰዎች፣ ውሰዷት» እያለ ይለምናል፤ ውሰዷት የሚላቸው ሰዎች ሞባይላቸውን አውጥተው ይቀርጹታል። ጥሩነሽ «ተዋት፣ እጅህ ንጹሕ ይሆናል» አለችው።

ከዚያ ፉል በላን። ጥሩነሽ በባዶ ሆድ የሚሠራ ሰው ይሳሳታል ብላ ስለያዘችን ነው እንጂ እኔ መብላት አልፈለግሁም ነበር። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ጥፋት የተፈጸመው፤ ይኸኛውም የእኔ አይደለም፤ የፀሐይዋ ነው። ስንመለስ ሊጡ ቆርቆሮው ላይ ተቀምጦ ጠበቀን። እኔም ያየሁትን አምኜ በዚያው ልክ ቀረጽኩ። አሁን ሆናችሁ ሊጡ ኩፍ ማለቱ እንዴት አልታየህም ትሉኝ ይሆናል። የሶሉን እጅ ብታዩት ኖሮ እናንተም ታምኑ ነበር።

አዲሱን እጀታ አስሬ ሰጠሁት። ሶል በኺት ሊጨብጠው ሞከረ፤ ጣቶቹ መሐል ላይ ቀሩ። ሌባ ጣቱን ወደ ምላጩ ዘረጋ፤ አልደረሰም። ያ ጣት ያልደረሰበት ነገር ባሕሪ ውስጥ ያ ብቻ ይመስለኛል።

«እጅህን ታጥበሃል?» አልኩት።

«ታጥቤያለሁ።»

«እሱ ነው። ውሃ ያኮማትራል።»

«ጋሼ» አለች ጥሩነሽ፣ «ዳቦ ነው የሠራህለት።»

ልመልስላት አፌን ስከፍት ድምፅዋ ተለወጠ። «ቀልዱን ተወው ጋሼ። ነገ ይሄ ሰውዬ ካልመታ ክፍሏን እንለቃለን። ልጅቷ ገና ትምህርቷን አልጨረሰችም። የት ነው የምንገባው?»

ሶሉ አማርኛውን ሁሉ ባይሰማም ነገሩ ገባው። «መዓለሽ» አላት፤ አይዞሽ እንደ ማለት፤ «አላህ ከሪም»፤ ፈጣሪ ቸር ነው። ይህን ሲል እጁን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገ፤ ጀርባው ወደ ላይ።

ያኔ አየሁት። መዳፉን ብቻ ስመለከት ነው የዋልኩት። ከአውራ ጣቱና ከሌባ ጣቱ መካከል ባለው ሥጋ ላይ ሁለት ጠባሳ ጎን ለጎን ተጋድመዋል፤ ልክ እንደ ባቡር ሐዲድ። ብረቱ የሄደበት መንገድ ነው። ሽጉጡን በአሮጌው እጀታ እንዲይዘው አደረግሁና የላይኛውን ብረት ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ሳብኩ። ብረቱ መጥቶ ሥጋው ላይ ወጣ።

«እጅህ ትልቅ ስለሆነ ወደ ላይ ይሸሻል» አልኩት። «እጀታው እዚህ ላይ ጣሪያ የለውም። ውፍረት አይደለም የጎደለው። ኮርቻ ነው የጎደለው።»

«ኮርቻ?»

«ኮርቻ ከኋላው ቀና ባይል ፈረስ ላይ ማን ይቀመጥ ነበር? ሁሉም ጭራው ላይ ነበር የሚገኘው።»

ዳቦውን አነሣሁ። አዎ፣ ዳቦውን። እንጨቱ የተረፈ ውፍረት ስላለው ከዚያው ውስጥ መቁረጥ ይቻል ነበር፤ ሲጀመርም አስፍቼ የሠራሁት ለዚህ ነው ብል ማንም አያስተባብለኝም። ጎኖቹን ጣቶቹ ዞረው እስኪገናኙ አሳሳሁ። ከኋላ በኩል ሁለቱ ጉንጮች ተገናኝተው እንደ ኮርቻ ድጋፍ ወጣ ያለች አጭር ጅራት እንዲሠሩ ተውኩ። እጁ ከጅራቷ ሥር ያርፋል፤ ብረቱ ከጅራቷ በላይ ይመላለሳል፤ ሁለቱ አይተያዩም። ከፊት በኩል እንዳያንሸራትት ከጎማ ጠጋኙ ጎረቤቴ የከመነዳሪ ጎማ ቁራጭ አምጥቼ ጠቀለልኩበት።

ሶሉ ጨበጠ። ሽጉጡ ለመጀመሪያ ጊዜ የእጁ መጠን ሆነ። ብረቱን ሳብኩ፣ ለቀቅሁ። ጅራቷ ላይ አልፎ ተመለሰ፤ ሥጋውን አልነካም። ቀና ብዬ ደስታውን ላይ ስል ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኗል።

«ክፈት» አልኩት።

«ከፍቻለሁ።»

«አልከፈትክም።»

ንክሻው ቀርቷል፤ ፍርሃቱ ግን ከእሱ ጋር ነው። ለዚህ እንጨት አይሆንም። ስለዚህ አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንዲቆም አደረግሁ፤ ባዶነቱን እንደገና ሁላችንም አየን። እኔ ብረቱን እስብና እለቃለሁ፣ ጥሩነሽ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ዓይኑን ታያለች።

«ጨፈነ» ትላለች።

ሳብኩ፣ ለቀቅሁ። «ጨፈነ።»

ሳብኩ፣ ለቀቅሁ። «ግራውን ብቻ ጨፈነ።»

«የኔ ጌታ» አለችው በአማርኛ፣ «እኔን ሲያጩልህ ያልጨፈንከውን ዓይን ዛሬ ለብረት ትጨፍናለህ?» ይህን አማርኛ ሰማው። ሳቀ፤ እየሳቀ ብረቱ ሲመለስ ዓይኑን መጨፈን ረሳ።

በማግሥቱ ወደ መተኮሻው ሜዳ አምጃድ በሚሏት ትንሽ ታክሲ ሄድን፤ እኔ፣ ሶሉና ሰልማ። ማንም አልጠራኝም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ሥራ ባለቤቱን ትቶ ብቻውን አይሄድም። ሙዲሩ ከሩቅ መኪናው ውስጥ መስኮቱን ዘግቶ ተቀምጧል። ጎረምሳውም አለ፤ ጥላ ሥር ተደላድሎ ቆሟል። ፈታኙ ጥቁር መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው ነው። ሽጉጡን ተቀብሎ ሲያገላብጠው ጅራቷ ላይ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው? ይሄ አይፈቀድም መሰለኝ።»

ሶል በኺት የድሮ ወታደር ነው፤ አለቃ ሲጠይቀው ቀጥ ብሎ ቆመና ወታደራዊ ሰላምታ ብቻ ሰጠ። ሰልማ እጄን ያዘችኝ። ዝም ማለት የማልችልበት ሰዓት መጣ። ጠዋት ጢሜን ስላጭ ያን የጉሮሮ ድምፅ ተለማምጄው ነበር፤ አሁን ሳል ሳይቀላቀልበት ጥርት አድርጌ አወጣሁት። «ዒዱ ከቢር» አልኩት ፈታኙን።

ሰውዬው ደነገጠ። መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ ፊቱ ፈካ፤ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና «ኩሉ ሰና ወ ኢንታ ጠይብ ያ ሐጅ» አለኝ፤ የበዓል ምኞት መልስ ነው። ልጆቼን ጠየቀ፣ በጉን ገዝቼ እንደሆነ ጠየቀ። እኔም መለስኩ። ሽጉጡን ለሶሉ እየሰጠው «ያላ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ጨርሱ፣ ሰውዬው ሽማግሌ ናቸው» አለ።

እጁ ትልቅ ነው ልለው ነበር። ድምፁን አላበላሸሁትም፤ የመጣው ሌላኛው ቃል ሆነ እንጂ። ሰልማ አንገቷን ደፍታ በመሐረቧ ፊቷን ስትጠርግ ቆየች።

ሶሉ ሽጉጡን አነሣ። የመጀመሪያው ተኩስ አቧራ ላይ አረፈ። ከጎን ሆኜ አይቼዋለሁ፤ ሁለቱንም ጨፍኗል። ጎረምሳው ከጥላው ወጣ አለ። ሰልማ «ያ ረብ» ብላ በትንፋሽዋ ፈጣሪዋን ጠራች።

ሶል በኺት ሽጉጡን ዝቅ አደረገ። ዒላማውን አላየም፤ እጁን አየ። ደሙን ፈለገ። አገላበጠው፣ በግራ እጁ ጠረገው፣ እንደገና አየው። ምንም የለም። ሰውዬው እጁ የሌላ ሰው የሆነበት ይመስል ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ አነሣና ተኮሰ፤ ዓይኑ እንደ ተከፈተ ነው። ተኮሰ። ተኮሰ። ፈታኙ ሄዶ ወረቀቱን አየ፤ አመጣው፤ ለሙዲሩ በመስኮቱ በኩል አሳየው። መስኮቱ ወረደ፣ «ተማም»፣ ደህና ነው፣ የሚል ድምፅ ወጣ፣ ተመልሶ ተዘጋ።

ጎረምሳው መጥቶ ሽጉጡን ለማየት ጠየቀ። እጁን አየሁት፤ የልጅ እጅ ነው። «ላንተ ጊዜ የለኝም» አልኩት።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን የሠራሁትን ላስቀምጥና ላብቃ።

አንደኛ፣ ለአንድ ሽጉጥ ሁለት አዳዲስ እጀታ ሠርቼ ከሁለተኛው ውስጥ ሦስተኛ አውጥቻለሁ። ይህን የሚችል ሌላ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ሁለተኛ፣ የእጅን ልክ በሊጥ መውሰድን በዚህ ከተማ የጀመርኩ እኔ ነኝ። ለወደፊቱ ያልቦካ።

ሦስተኛ፣ ሱዳን ተወልደው ያደጉ የአገራችን ልጆች እንኳ የሚቸገሩበትን ዒ በእርጅናዬ አወጣሁ። ፈታኙ ምስክሬ ነው።

አራተኛ፣ ሰልማ አሁን «ላከችኝ» ትላለች። አንዳንዴ አባቷንም «ላከችኝ» ትላለች፤ እሱን ገና እየሠራሁበት ነው።

አምስተኛ፣ ብረት የሚያስፈራውን ሶል ዓይን አስከፍቻለሁ። ሚስቱ ረድታኛለች፤ በርጩማው ግን የኔ ነው።

የመጨረሻው ይህ ነው። ከሜዳው ቀጥታ ካፉሪ ሄድን። ጥሩነሽ አልነገረችንም እንጂ ጠዋት ስንወጣ ዕቃዋን ሁሉ አስራ ነበር፤ የመስኮቷን መጋረጃ ሳይቀር አውርዳ አጣጥፋዋለች። ባሏ በሩ ላይ ሆኖ «ተማም» ሲላት ወደ ታሰረው ዕቃ ሄደች። መጋረጃውን ፈታችና መልሳ ልትሰቅል ቆመች፤ ሚስማሩ ግን ተነቅሎ ወድቋል። መጋረጃውን የሰቀለችው እሷ ናት። ሚስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ።